የልጅ ነው የአዋቂ? «ቦን» እና የሥዕል ልብ ወለድ የመቶ ዓመት መንገድ

በ2005 ስኮላስቲክ የተባለው የአሜሪካ የልጆች መጻሕፍት አሳታሚ «ቦን» የተሰኘውን የሥዕል ልብ ወለድ የመጀመሪያ ቅጽ በቀለም አትሞ ለትምህርት ቤቶችና ለመጻሕፍት መደብሮች አከፋፈለ (በዚህ ዳሰሳ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መጽሐፉ አዲስ አልነበረም። ይኸው ታሪክ ከ1991 እስከ 2004 በጥቁርና ነጭ፣ በቀጫጭን ጥራዞች እየታተመ፣ ልጆች እምብዛም በማይዘልቁባቸው የኮሚክ መደብሮች ሲሸጥ ኖሯል። ስኮላስቲክ ጭራቆቹን አላለዘባቸውም፤ ጦርነቱንም አላስቀረውም። የጨመረው ቀለም ነው። ለ13 ዓመታት የአዋቂ ሰብሳቢዎች ንብረት ይመስል የነበረው መጽሐፍ ግን ከዚያ ወዲህ በሚሊዮኖች ቅጂ እየተሸጠ ከልጆች እጅ የማይጠፋ ሆነ።

አንድ ሥራ፣ ያው ሥዕል፣ ያው ቃል፣ ትናንት የአዋቂ ነበር፤ ዛሬ የልጅ ነው። ይህ እንዴት እንደ ሆነ ለመረዳት ከመጽሐፉ ይልቅ መጽሐፉ የተቀመጠበትን መደርደሪያ ታሪክ መከተል ይሻላል። እሱም ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይወስደናል።

በቅድሚያ ግን ታሪኩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንበል። ሦስት የአጎት ልጆች ቦንቪል ከምትባል ከተማቸው ይሰደዳሉ። ሰዎች አይደሉም፤ ነጫጭ፣ ድቡልቡል፣ አፍንጫቸው የጎላ ፍጡራን ናቸው። ለስደቱ ምክንያቱ ፎኒ ቦን ነው፤ ባለጸጋ፣ ስስታምና ብልጣብልጥ፣ ከንቲባ ልሁን ብሎ ያካሄደው የምርጫ ዘመቻ ተበላሽቶበት ሕዝቡ ያባረረው። ረጅሙ ስማይሊ ቦን ሲጋራ ከአፉ አይለይም፤ የሚያሳስበው ነገርም የለም። ሦስተኛው ፎን ቦን ልበ ቅኑ ነው። በቦርሳው «ሞቢ ዲክ»ን ይዞ ይዞራል፤ ጮክ ብሎ ሲያነብ የሚሰማው ሁሉ እንቅልፍ ይወስደዋል። በበረሃ የአንበጣ መንጋ ይለያያቸውና በየፊናቸው ወደ አንድ ለምለም ሸለቆ ይገባሉ። እዚያ ፎን ቦን ቶርን የምትባል ወጣት ያገኛል፤ በፍቅር ይወድቃል። ከላም ጋር በእግሯ የምትሽቀዳደመውን አያቷን ግራንማ ቤንንም ይተዋወቃል። ሸለቆው ውስጥ አይጥ መሳይ፣ ጸጉራም፣ ግዙፍ አውሬዎች አሉ። ሁለቱ በተለይ ቂሎች ናቸው፤ ፎን ቦንን ይዘው ወጥ እናድርገው ወይስ ኪሽ የሚባለውን የፈረንጅ የእንቁላል ጋግር እናድርገው እያሉ ሲጨቃጨቁ ያመልጣቸዋል።

እየቆየ ግን ነገሩ ይከብዳል። ቶርን ተራ የገጠር ልጅ እንዳልሆነች፣ አያቷም ስለ ጥንቱ ጦርነት ብዙ የደበቀችው ነገር እንዳለ ይታወቃል። ፊቱን በቆብ የሸፈነ ጌታ አውሬዎቹን ያዝዛል፤ ከእሱም በላይ በሕልም የሚመጣ የአንበጦች ጌታ አለ። በቀልድ የተጀመረው ታሪክ በከበባና በዙፋን ትግል ያልቃል። በአንድ ጥራዝ ሲጠቃለል 1,332 ገጽ ነው።

ሥዕልና ቃልን አጣምሮ ለቤተሰብ ሁሉ መተረክ የ1990ዎቹ ፈጠራ አይደለም። በ1905 ዊንሰር ማኬይ በኒውዮርክ ሄራልድ ጋዜጣ ላይ ኒሞ የተባለ ትንሽ ልጅ ሌት ሌት ወደ ሕልም አገር የሚጓዝበትን ተከታታይ መሣል ጀመረ። አልጋ እግር አውጥቶ በከተማ ላይ ሲራመድ የሚታይበት ጊዜ ነበር። የእሁድ ጋዜጣ አንድ ቤት ገብቶ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍ ነገር ስለነበረ የሥዕሉ ገጽ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። በቤልጅየም በ1929 የተወለደው የሥዕል ታሪክ ገጸ ባሕርይ ቲንቲን በ1946 በስሙ መጽሔት ሲወጣለት መፈክሩ ከ7 እስከ 77 ዓመት ላሉ ወጣቶች የሚል ነበር።

ለ«ቦን» የቅርብ ዘመድ የሆኑት ግን ሁለት አሜሪካውያን ናቸው። ዎልት ኬሊ በ«ፖጎ» በጆርጂያ ረግረግ የሚኖሩ እንስሳትን እያወያየ ፖለቲካ ይናገር ነበር፤ በ1953 ሴናተር ጆሴፍ ማካርቲን በዱር ድመት መልክ ስሎ አፌዘበት። ልጁ ድመቱን ያያል፤ አባት ሴናተሩን። ካርል ባርክስ ደግሞ ስሙ በማይጻፍበት የዲዝኒ መጽሔት ላይ ስክሩጅ የተባለውን ስስታም ዳክዬ በ1947 ፈጥሮ በዓለም ዙሪያ ሀብት ፍለጋ አዞረው። ፎኒ ቦን የስክሩጅ የሥጋ ዘመድ ነው ብል የሚሞግተኝ ያለ አይመስለኝም።

ከዚያ 1954 መጣ። ፍሬድሪክ ዌርታም የተባለ የአእምሮ ሐኪም ኮሚክ ወጣቶችን ወደ ወንጀል ይነዳል የሚል መጽሐፍ አወጣ፤ የአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴም በኒውዮርክ ተሰይሞ አሳታሚዎችን በቴሌቪዥን ፊት ጠየቀ። አሳታሚዎቹ መንግሥት ሳይቀድማቸው ራሳቸው የቁጥጥር ደንብ አወጡ። ሽፋኑ ላይ የደንቡ ማኅተም የሌለበትን መጽሔት አከፋፋይ አይነካውም ነበር። አስፈሪው፣ መራራው፣ የሚያከራክረው ሁሉ ተጠረገ። ልጆችን ከኮሚክ ለማዳን የተነሣው ዘመቻ ኮሚክን የልጅ ብቻ አድርጎት አረፈ፤ አዋቂም እንዲያፍርበት አደረገ።

መደርደሪያው ቀጥሎ የተዛወረው በ1970ዎቹ ነው። በጋዜጣ መሸጫ የነበረው ኮሚክ ቀስ በቀስ ወደ ልዩ መደብር ገባ። ፊል ሱሊንግ የተባለ ነጋዴ ያስጀመረው አሠራር ቀላል ነው፤ መደብሩ የሚፈልገውን ያህል በቅናሽ አዝዞ ይገዛል፣ ያልተሸጠውን ግን አይመልስም። አሳታሚው ስንት ቅጂ እንደሚያትም አስቀድሞ ስለሚያውቅ አቅም የሌለው ሰው እንኳ መሞከር ቻለ። ካናዳዊው ዴቭ ሲም በ1977 «ሴረበስ» የተባለ ኮሚክ በራሱ ገንዘብ ጀመረ። በ1984 ሁለት ወጣቶች በጥቁርና ነጭ ያሳተሙት የኒንጃ ኤሊዎች ታሪክ የት እንደ ደረሰ ማንም ያውቀዋል። በ1986 የአርት ስፒገልማን «ማውስ» የመጀመሪያ ቅጽ ወጣ፤ «ዋችመን» የተባለው ተከታታይም ጀመረ። «ማውስ» በ1992 የፑሊትዘር ልዩ ሽልማት ሲያገኝ ጋዜጦች ሁሉ ኮሚክ አደገ ብለው ጻፉ። አድጎ ነበር። ልጆቹ ግን ደጅ ቀሩ። ወደ መደብሩ የሚገባው ሱሰኛው ሰብሳቢ ብቻ ሲሆን ሻጩም ለእሱ የሚሆነውን ብቻ ማዘዝ ጀመረ።

የ«ቦን» ደራሲና ሠዓሊ ጄፍ ስሚዝ የደረሰው በዚህ ሰዓት ነው። በ1960 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ማኪስ ሮክስ በምትባል ቦታ ተወልዶ ያደገው በኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ነው፤ ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ከተማ። እነዚያን ነጫጭ ፍጡራን መሣል የጀመረው ገና በአምስት ዓመቱ አካባቢ እንደ ነበር ራሱ ይናገራል። በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲማር በተማሪዎች ጋዜጣ ላይ ከ1982 እስከ 1986 «ቶርን» በሚል ርእስ አወጣቸው። ለጋዜጦች ሥዕል የሚያከፋፍሉ ድርጅቶችን አነጋገረ፤ አልተግባቡም። በ1986 ከጓደኞቹ ጋር የአኒሜሽን ስቱዲዮ ከፍቶ ለጥቂት ዓመታት በዚያ ኖረ። በ1991 ካርቱን ቡክስ የተባለ የራሱን ድርጅት አቋቁሞ የ«ቦን»ን የመጀመሪያ ጥራዝ አሳተመ። ብዙ ሳይቆይ ባለቤቱ ቪጃያ አየር የንግዱን ሥራ ተረከበች። ስለ «ቦን» ሲወራ ስሟ የሚዘለልበት ልማድ ያስቆጨኛል፤ 55 ጥራዝ የዘለቀው አንዱ ሲስል ሌላው ማተሚያ ቤቱንና ሒሳቡን ስለያዘ ነው።

ስሚዝ በየቃለ ምልልሱ መጽሐፉን ለልጆች ብሎ እንዳልሠራው ተናግሯል። እሱ ራሱ በልጅነቱ ሊያነበው ተመኝቶ ያጣውን ነገር ነው የሠራው፦ የባርክስ ቀልድ ያለበት፣ ነገር ግን እንደ ቶልኪን መጻሕፍት መነሻና መድረሻ ያለው አንድ ረጅም ታሪክ። የእንስሳ ቀልድ በዚያን ዘመን በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ወደ ጀመረበት የሚመለስ ነገር ነበር። እሱ መጨረሻውን አስቀድሞ ይዞ ተነሣ።

አሠራሩ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ መጽሐፉ ሁለቱንም አንባቢ የያዘበት ምስጢር ያለው እዚህ ላይ ነውና። ስሚዝ በብሩሽና በጥቁር ቀለም ይሥላል፤ መስመሩ ይወፍራል፣ ይቀጥናል። የቦን ዘመዶች ፊት ላይ ሁለት ዐይን፣ አንድ አፍና ጥቂት መስመር ብቻ አለ። አካላቸው በመሠረቱ ያልተነካ ወረቀት ነው። የሚሄዱበት ዱር ግን በቅጠሉ፣ በዐለቱና በጥላው እውነተኛ ነው። ኦሃዮ ውስጥ ሆኪንግ ሂልስ የሚባል የዋሻና የገደል አገር አለ፤ ስሚዝ ሸለቆውን የቀዳው ከዚያ ነው። የስድስተኛው ቅጽ ርእስ የሆነው የሽማግሌው ዋሻ ዛሬም ጎብኚ የሚሄድበት እውነተኛ ቦታ ነው። ነጩ ፍጡር በዚያ ጥቁር ዱር መካከል ሲቆም ዐይን ሌላ የሚያርፍበት የለውም፤ ልጅ ቃሉን ሳያነብ እንኳ ማን እንደ ፈራ ያውቃል።

ሁለተኛው ከአኒሜሽን የመጣ የጊዜ አጠባበቅ ነው። ፎን ቦን ክረምት ሊገባ ነው ሲባል ሰምቶ ቆሞ ሰማይ ያያል። በረዶ እንደ ወትሮው ብን ብን አይልም፤ የክረምቱ በረዶ በሙሉ በአንድ ጊዜ፣ ዱብ ብሎ ይወርድበታል። ሁለት ሥዕል ብቻ ነው፤ ሳቁ ያለው በሁለቱ መካከል በቀረው ክፍት ቦታ ነው። ያንኑ ክፍተት በኋላ ለፍርሃት ይጠቀምበታል። አንድ ገጽ ላይ ጨለማ፣ ቀጥሎ ዐይኖች፣ ቀጥሎ ብዙ ዐይኖች።

በታላቁ የላም ውድድር ደግሞ ሳቁና ፍርሃቱ ይጋጠማሉ። ፎኒ የመንደሩን ሕዝብ ለመበዝበዝ ስማይሊን የላም ቆዳ አልብሶ ምስጢራዊት ላም ብሎ ውርርድ ይሰበስባል። ግራንማ ቤን ከእውነተኞቹ ላሞች ጋር ተሰልፋ ትሮጣለች። በዚያው ሰዓት ፎን ቦን ዱር ውስጥ የአውሬ መንጋ ያሳድደዋል፤ ሩጫው ከሩጫው ጋር ይቀላቀልና ቀልዱና ሞቱ በአንድ መንገድ ይጎርፋሉ። ሌላ ደራሲ ቢሆን ለሳቁ አንድ ምዕራፍ፣ ለፍርሃቱ ሌላ ይመድብ ነበር። እኛ አገር ተረት ተረት ሲባል የላም በረት ብሎ የሚመልሰው ልጁ ይሁን እንጂ ጥግ ይዞ የሚያዳምጠው ትልቁም ሰው ነው፤ ያው አንድ ተረት ልጁን ያስቀዋል፣ ትልቁን ያስቆዝመዋል። የ«ቦን»ም ነገር እንደዚያ ነው።

አዋቂውን የሚያስቆዝመው በተለይ አራተኛው ቅጽ ነው። ፎኒ ባዶ ኪሱን ሲያይ አዲስ ንግድ ያወጣል፦ ፍርሃት። ዘንዶ ሊመጣ ነው ብሎ መንደርተኛውን ሰብስቦ ያሸብራል፣ የዘንዶ ገዳይ እኔ ነኝ ይላል፣ ገንዘባቸውን ይሰበስባል። ዘንዶው ግን ወዳጅ ነው፤ እውነተኛው ጠላት በሌላ በኩል እየመጣ ነው። ገበሬዎቹ ሞኞች ሆነው አልተሣሉም፤ የሚያዩትን ጠላት መልስ ያጡለት፣ በማያዩት ላይ ለመዝመት የቀለላቸው ሰዎች ናቸው። ልጅ አንባቢ ፎኒ ሲዋረድ ይስቃል። በፖለቲካ ያለፈ ሰው ግን ያን ስብሰባ ሲያይ የሚያስታውሰው አያጣም።

የመደብሩ ዓለም በዚህ መካከል ፈረሰ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሰዎች ነገ ይወደዳል እያሉ አንዱን ጥራዝ አሥር አሥር ሲገዙ ቆዩ፤ እንደማይወደድ ሲገባቸው መግዛት አቆሙ፣ በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩ መደብሮች ተዘጉ። ታላቁ ማርቭል በ1996 ኪሳራ አስመዘገበ። ስሚዝ በ1995 ኢሜጅ ወደተባለው ትልቅ አሳታሚ ተጠግቶ ጥቂት ጥራዞች አውጥቶ ወደ ራሱ ድርጅት ተመለሰ። ያተረፈው በዚያን ጊዜ ብዙዎች የማያደርጉት ነገር ነው፦ ያለፉትን ጥራዞች በመጽሐፍ መልክ እያጠቃለለ ከገበያ እንዳይጠፉ ደጋግሞ ያሳትም ነበር። ዘግይቶ የመጣ አንባቢ ከመጀመሪያው መጀመር ይችላል ማለት ነው። አንድ ታሪክ የሚወራረሰውም እንዲህ ሲሆን ነው።

ጥቅል መጽሐፍ ሆኖ መገኘቱ ሌላ በር ከፈተለት፤ ቤተ መጻሕፍት ሊገዙት ቻሉ። በእኔ ግምት የ«ቦን»ን ዕጣ የወሰኑት ሐያስያን ሳይሆኑ የልጆች ክፍል ሠራተኞች ናቸው። መደርደሪያ ላይ አልቀመጥ ያለ፣ ሁልጊዜ የተዋሱት መጽሐፍ መሆኑን ያዩት እነሱ ናቸው። በ2002 የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር በአትላንታ ሲሰበሰብ ስለ ሥዕል ልብ ወለድ ልዩ ጉባኤ ተደረገ፤ ስሚዝም ስፒገልማንም ደራሲው ኒል ጌይማንም ተጋብዘው ነበር። ጥቂት ቆይቶ የሃሪ ፖተር የአሜሪካ አሳታሚ የሆነው ስኮላስቲክ የልጆች የሥዕል ልብ ወለድ ክፍል ልክፈት ሲል ስፒገልማንንና ባለቤቱን ፍራንሷዝ ሙሊን አማከረ። በ«ቦን» ጀምሩ አሉ። ግራፊክስ የተባለው ክፍል በ2005 በዚሁ መጽሐፍ ተከፈተ። ስቲቭ ሃሜከር ገጾቹን ሁሉ ቀለም ቀባ፤ ዘጠነኛው ቅጽ በ2009 ወጣ።

ቀለሙ ልጆችን አቀረበ፤ ይህ አያከራክርም። እኔ ግን የሌሊቱን ትዕይንት በጥቁርና ነጭ እመርጣለሁ። ሃሜከር ጠንቃቃ ነው፣ ሰማዩን ሰማያዊ ሲያደርገው ግን ጨለማው ትንሽ ይሸሻል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጎርፍ ነው። የሬይና ተልገማየር «ስማይል» በ2010 የወጣው ከዚሁ ክፍል ነው፤ ዛሬ በአሜሪካ የመጻሕፍት መደብር የልጆች የሥዕል ልብ ወለድ የራሱ ግድግዳ አለው። «ቦን» ያን በር ብቻውን አልከፈተም፤ ግን ፊት የገባው እሱ ነው።

ወደ ልጆች መደርደሪያ መግባት የራሱ ጣጣ አለው። በ2010 ሚኒሶታ ውስጥ አንድ ወላጅ ሲጋራና ቁማር አለበት ብለው ከትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እንዲወጣ ጠየቁ፤ የወረዳው ኮሚቴ አልተቀበለውም። የቤተ መጻሕፍት ማኅበሩ በ2013 ብዙ አቤቱታ ስለቀረበባቸው መጻሕፍት ባወጣው ዝርዝር ላይ ደግሞ አሥረኛ ሆነ፤ ከምክንያቶቹ መካከል የፖለቲካ አመለካከትና ዘረኝነት ተጠቅሰዋል። ደራሲው ራሱ ግራ ተጋብቷል። በ1954 የተነሣው ክርክር ስሙን ለውጦ እንደ ተመለሰ ለማየት ብዙ መመራመር አያስፈልግም፤ መጽሐፉ ለአዋቂ ሲሸጥ የስማይሊ ሲጋራ ማንንም አላሳሰበም ነበር።

ፊልሙስ? ኒክሎዲዮን በ1990ዎቹ መጨረሻ ሞከረ፤ ዋርነር ብራዘርስ በ2008 መብቱን ገዛ፤ ኔትፍሊክስ በ2019 የአኒሜሽን ተከታታይ እሠራለሁ ብሎ በ2022 ሰረዘው። ስሚዝ በምላሹ ፎን ቦን ኳስ ሊመታ ሲሮጥ ኳሱ በተራ በተራ ሲነጠቅበት ስሎ አወጣ። እኔ አልቆጭም። በሁለት ሥዕሎች መካከል የሚወርደው በረዶ ፊልም ላይ ሌላ ነገር ነው።

እንከን የለበትም አልልም። ከሰባተኛው ቅጽ በኋላ ትንቢቱና የነገሥታቱ ታሪክ ይበዛል፤ አያትየዋ የምታስረዳበት ገጽ ከምትሮጥበት ገጽ ይረዝማል። የመጨረሻው ጦርነት ከዝግጅቱ አንጻር ቶሎ ያልቃል። በአንጻሩ ስንብቱ የተለካ ነው፤ ስሚዝ ለፎን ቦን ፍቅር ርካሽ ፍጻሜ አልሰጠውም። መጽሐፉ አሥር የአይዝነርና አሥራ አንድ የሃርቪ የኮሚክ ሽልማት ማግኘቱ ይታወቃል። ከሽልማቶቹ ይበልጥ የምቆጥርለት በ55 ጥራዝ ውስጥ ለልጅ ብሎ ድምፁን አለማቅጠኑን ነው። ስሚዝ ከዚያ በኋላም አላረፈም፤ «ራስል» የተባለ የአዋቂዎች የሳይንስ ልብ ወለድ ሠርቷል፣ በ«ቱኪ» ደግሞ ከሁለት ሚሊዮን ዓመት በፊት ከአፍሪካ ስለሚወጣ የጥንት ሰው ተርኳል።

ማንበብ ለሚሻ፦ ለልጅ ዘጠኙ ባለቀለም ቅጾች ይመቻሉ፤ ባለ 1,332 ገጹ ጥቁርና ነጭ ጥራዝ ለሕፃን ጉልበት ይከብዳልና ለራሳችሁ ያዙት። ከመካከል አትጀምሩ። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ገንዘብ ሳታወጡ በሰፈራችሁ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ገብታችሁ የመጀመሪያውን ቅጽ ጠይቁ፤ ተውሶት የሄደ ልጅ ካለም ስማችሁን አስመዝግቡ።